ከጋቪናና እስከ ቬኔዚያ፦ የአንድን የጣሊያን እግረኛ ክፍለ ጦር ታሪክ እንዴት መከታተል ይቻላል

መስከረም 25 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ የገባው የጣሊያን ጦር «ጋቪናና» የተባለው እግረኛ ክፍለ ጦር ነው። ይህንኑ ስም ይዘው ጣሊያን በ1940 ያሰለፈቻቸውን ክፍለ ጦሮች ዝርዝር ቢያገላብጡ ግን ጋቪናና የሚባል የለም። አልተደመሰሰም፣ አልተበተነምም፤ ስሙን ቀይሮ አልባኒያ ውስጥ ነው። የጣሊያንን ክፍለ ጦር ታሪክ ለመጻፍ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምራለን፤ ምሳሌያችንም እስከ መጨረሻው ጋቪናና ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ የአውሮፓ ናቸው።

ሬጅመንቱን ይያዙ፣ ስሙን አይመኑ

አንድ ሰፊ ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀን፣ ስም፣ ቁጥር፣ ሬጅመንቶች (ክፍለ ጦሩ የሚከፈልባቸው የበታች ክፍሎች)፣ መቀመጫ ከተማ። አዲስ ነገር ባገኙ ቁጥር የነበረውን አይሰርዙ፤ ከሥሩ አዲስ መስመር ይክፈቱ። የጋቪናና የ1935 መስመር እንዲህ ይነበባል፦ ጋቪናና፣ 19ኛ፣ 70ኛ «አንኮና»፣ 83ኛ «ቬኔዚያ»፣ 84ኛ «ቬኔዚያ» እና 19ኛ መድፈኛ ሬጅመንት፣ ፍሎረንስ። የ1939 መስመር ደግሞ፦ ቬኔዚያ፣ 19ኛ፣ 83ኛ እና 84ኛ «ቬኔዚያ»፣ 19ኛ መድፈኛ፣ ፍሎረንስ።

ሁለቱን መስመር አንዱን ከአንዱ በላይ ሲያዩት ነገሩ ግልጽ ነው። 70ኛው ወጣ፣ 83ኛውና 84ኛው ቀሩ፣ ክፍለ ጦሩም በቀሩት ሬጅመንቶች ስም ተጠራ። ወደ ኋላ ቢሄዱም እነዚሁ ሁለት ሬጅመንቶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት «ቬኔዚያ ብርጌድ» ሆነው ያገኟቸዋል። የዘር ሐረጉን የሚሸከመው ሬጅመንቱ ነው፤ ክፍለ ጦር በላዩ የሚለበስ ካባ ነው።

የስሙ ለውጥ ደንብ አለው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከሀገር ቤት ቦታ ነበር። ጋቪናና ከፒስቶያ በላይ ባለው ተራራ ያለች መንደር ስትሆን፣ በ1530 የፍሎረንስ ሪፐብሊክ ጦር የተሸነፈባት ናት። ግራን ሳሶ በአብሩዞ ያለ ተራራ ነው፤ ሲላ የካላብሪያ ደጋ ነው፤ ፔሎሪታና ከመሲና ጀርባ ባሉት ተራሮች የተሰየመ ነው። በ1939 በተደረገው ማሻሻያ አራቱም በሬጅመንቶቻቸው ስም ተጠሩ፦ ጋቪናና ቬኔዚያ፣ ግራን ሳሶ ፒኔሮሎ፣ ሲላ ብሬሻ፣ ፔሎሪታና ፒዬሞንቴ ሆነ። ቁጥራቸው ግን 19፣ 24፣ 27 እና 29 እንደነበረ ቀረ። በአንጻሩ ኮሴሪያ፣ አሲዬታ እና ሳባውዳ ስማቸውን ይዘው ቀጠሉ። ስለዚህ ኤል አላሜይን ላይ ያለቀውን ብሬሻን የሚያጠና ሰው ሥሩን ሲከተል ከሲላ ጋር እንደርታ ጦር ሜዳ ይደርሳል።

ታዲያ ቁጥሩን ብቻ መያዝ አይበቃም ወይ? አይበቃም። በ1936 መጀመሪያ በሰሜን ግንባር ሦስት «5ኛ» ክፍለ ጦሮች ነበሩ፦ እግረኛው ኮሴሪያ፣ የተራራው ጦር ፑስቴሪያ፣ እና «1 ፌብራዮ» የተባለው የጥቁር ሸሚዝ (የፋሺስት ሚሊሺያ) ክፍለ ጦር። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ኮሴሪያና 1 ፌብራዮ፣ ሽሬ ላይ በአንድ ኮር (ከክፍለ ጦር በላይ ባለ የጦር ክፍል) ሥር ተሰልፈዋል። «5ኛው ክፍለ ጦር» ብቻ የሚል ሰነድ ካጋጠመዎት ሬጅመንት ወይም ሌጌዎን (የጥቁር ሸሚዞቹን ሬጅመንት) የሚጠቅስ ሌላ መስመር እስኪያገኙ ድረስ ወደ ዓምዱ አያስገቡት።

ወታደር ነው ወይስ ጥቁር ሸሚዝ?

በአማርኛ ሁሉንም «ሶላቶ» ብለን እናልፋለን፤ ለታሪክ ሥራ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጥቁር ሸሚዞቹ የፋሺስት ፓርቲው ሚሊሺያ ናቸው፤ የክፍላቸውና የማዕረጋቸው ስም ከጥንታዊ ሮማ የተቀዳ ነው። በሬጅመንት ቦታ ሌጌዎን፣ በሻለቃ ቦታ ኮሆርት፣ በሻምበል ቦታ ቼንቱሪያ ይላሉ። «ኮንሶሌ» የሚል ቢያነቡ የውጭ ጉዳይ ቆንስል እንዳይመስልዎ፤ የኮሎኔል አቻ ነው። «ሴኒዮሬ» ሻለቃ፣ «ቼንቱሪዮኔ» ሻምበል ነው።

ፎቶግራፍ ካለዎት ኮሌታውን በማጉያ ይዩ። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ካለ የመደበኛው ጦር ነው። በገመድ የታሰረ የበትር ነዶና መጥረቢያ፣ ማለትም የፋሺስት ምልክቱ፣ ካለ ጥቁር ሸሚዝ ነው። ከዚያ ወደ ቆቡ ይሂዱ፦ የእግረኛ ምልክት የተጠላለፉ ጠመንጃዎችና ከላዩ ዘውድ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ ባለው ትንሽ ክብ የሬጅመንቱ ቁጥር ይጻፋል። 84 የሚል ከተነበበ የጋቪናና ሰው ለመሆኑ ከፎቶው ጀርባ ከተጻፈው ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው፤ የጀርባ ጽሑፍ ዘግይቶ በሌላ እጅ ሊጻፍ ይችላልና። የተጠላለፈው መድፍ ከሆነ መድፈኛ ነው።

ሌላው ወጥመድ የጥቁር ሸሚዝ ስሞች ዳግም ሥራ ላይ መዋላቸው ነው። «28 ኦቶብሬ» በጥር 1936 ተምቤን ውስጥ፣ ወርቅ አምባ አጠገብ፣ ተከቦ የተዋጋ ክፍለ ጦር ነው። በ1940 ሊቢያ ላይ ያለው «28 ኦቶብሬ» ግን እንደ አዲስ የተቋቋመ ነው። «23 ማርሶ» እና «3 ጄናዮ» ላይም ይኸው ነው። በእነዚህ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ከሳቡ ታሪክዎ ከመሐሉ ይሰበራል።

ክፍለ ጦር ስንት ሻለቃ ነው?

መልሱ በየዘመኑ ይለያያል፤ ሁለት ጦርነት ከማነጻጸርዎ በፊት ይህን ይለዩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አንድ ክፍለ ጦር ሁለት ብርጌድ፣ አራት ሬጅመንት፣ 12 ሻለቃ ነበር። በ1926 ማሻሻያ ሦስት ሬጅመንት፣ ማለትም 9 ሻለቃ ሆነ፤ አድዋ የገባው ይህኛው ነው። በ1939 ወደ ሁለት ሬጅመንት፣ ወደ 6 ሻለቃ ወረደ፤ ቆይቶ በሁለት ሻለቃ የጥቁር ሸሚዝ ሌጌዎን ተደጎመ። ሙሶሊኒ በወረቀት ላይ ክፍለ ጦሮቹ የበዙለት እንጂ የተዋጊው ብዛት በዚያው ልክ አላደገም። «በ1936 ይህን ያህል፣ በ1940 ይህን ያህል ክፍለ ጦር» እያሉ ጥንካሬ የሚለኩ ጽሑፎችን በሻለቃ ቆጥረው እንደገና ያስሏቸው።

ክፍለ ጦሩ አንድ ቦታ «ነበረ» ማለትም ሙሉውን ነበረ ማለት አይደለም። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው «ግራናቲዬሪ ዲ ሳቮያ» ክፍለ ጦር 10ኛ እና 11ኛ ሬጅመንት ነበረው። በ1941 ከረን ስትከበብ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በካሚዮን ቀድሞ የደረሰው 11ኛው ብቻ ነው። የእንግሊዝ ጽሑፎች «የሳቮያ ግራናቲዬሪዎች» ብለው በጅምላ ሲጠሩት አንባቢው ክፍለ ጦሩ በሙሉ ከመጀመሪያው ቀን የተሰለፈ ይመስለዋል። በዓምድዎ ላይ ሁልጊዜ የሬጅመንት ቁጥር ይጻፉ፤ ካልተገኘ ባዶ ይተዉት።

ቀኑን ሦስት ጊዜ ይቁጠሩ

ሐበሻ ተመራማሪ እዚህ ላይ ከጣሊያኑ ይልቅ ብዙ ሥራ አለበት፤ በሦስት የዘመን አቆጣጠር መካከል ይመላለሳልና።

የመጀመሪያው የፋሺስት ዘመን ነው። ሰነዶች ላይ ከአውሮፓው ዓመት ቀጥሎ በሮማ ቁጥር ይጻፋል፤ አንዳንዴም እሱ ብቻ ይቀመጣል። ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 28 ነው። ቀኑ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 27 ከሆነ ከአውሮፓው ዓመት 1922 ይቀንሱ፤ ከኦክቶበር 28 ጀምሮ ከሆነ ቀንሰው አንድ ይጨምሩ። ጦሩ አድዋ የገባው በ13ኛው ዓመት ነው፤ ወር ሳይሞላ ኦክቶበር 28 ሲደርስ 14ኛው ገባ። የማይጨው ጦርነትም በ14ኛው ነው። «14ኛ ዓመት፣ ኖቬምበር» የሚለውን በስህተት 1936 ብለው ከወሰዱት የአንድ ዓመት ዝላይ ይፈጠራል።

ሁለተኛው የእኛው ነው። 1927 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዓመት ስለሆነ መስከረም 1 ቀን 1928 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ 1936 ፌብሩዋሪ 29 ይዘልቃል። ኦክቶበር 3 ቀን 1935፣ ጦሩ መረብን የተሻገረበት፣ መስከረም 22 ነው፤ ኦክቶበር 6 መስከረም 25። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1936 የካቲት 21 ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑ ወደ ተለመደው ይመለሳል፤ ማርች 31 መጋቢት 22፣ ሜይ 5 ሚያዝያ 27። ፌብሩዋሪ 19 የካቲት 12 ነው ብሎ በቃሉ የያዘ ሰው፣ ለ1937 ልክ ሆኖ ሳለ ለ1936 በአንድ ቀን ይስታል።

ማረጋገጫው የሳምንቱ ቀንና የወር በዓል ነው። አዛውንት «ሽሬ ላይ የተጀመረው በማርያም ዕለት ነው» ቢሉ፣ ማርያም በየወሩ በ21 ናትና ከየካቲት 21፣ ቅዳሜ፣ ጋር ይገጥማል። «አጥቢያ» የሚለውን ቃል ግን ይጠንቀቁት፤ ለቅዳሜ አጥቢያ የሆነ ነገር በጣሊያኑ መዝገብ በዓርብ ማታ ሊመዘገብ ይችላል። ሰዓቱን ሲያስተካክሉ ደግሞ ስድስት ይቀንሱ፦ በጣሊያኑ 14 ሰዓት የእኛ ከቀኑ 8 ነው፤ መረብን የተሻገሩበት 5 ሰዓት ከሌሊቱ 11 ነው።

የቦታ ስም

የጣሊያን ጆሮ «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» አይለይም፤ ፊደሉም «ወ» የለውም። ወልወል በላቲኑ «ዩ» ፊደል ተጀምሮ ይጻፋል። «ሲ» ፊደል «ኢ» ወይም «አይ» ሲከተለው «ች» ይሆናል፤ ማይጨው የሚጻፈው በዚሁ ነው። «ሲ» እና «ኤች» አንድ ላይ ሲመጡ ግን «ክ» ናቸው፤ ከረን በእነዚህ ይጀምራል። ይህን የማያውቅ ሰው ጣሊያንኛውን በእንግሊዝኛ አነባበብ ወደ አማርኛ ሲመልስ ከረንን «ቼረን» አድርጎ አዲስ ከተማ ይቆረቁራል። መላ መምታት የሚቻለው በስም ድምፅ ብቻ አይደለም፤ በቀን ጉዞም ይፈትሹት። የመድፍ በቅሎ የሚነዳ ጦር መንገድ በሌለበት ሀገር በአንድ ቀን 60 ኪሎ ሜትር አይሄድም፤ ስሌትዎ ይህን ካመጣ ቦታው ሌላ ነው።

ሰነዱ የት ነው?

ዋናው የውሎ መዝገብ ነው፤ ጣሊያኖች «ዲያሪዮ ስቶሪኮ» ይሉታል። እያንዳንዱ ክፍል ከእለት ወደ እለት የሠራውን የሚጽፍበት ነው። የሚገኘው ሮማ ባለው የጦር ኃይሉ የታሪክ ቢሮ ቤተ መዛግብት ነው። ሲጠይቁ በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቁ፦ ክፍለ ጦሩን፣ ከበላዩ ያለውን ኮር፣ ከበታቹ ያለውን ሬጅመንት፣ ከዚያ ጎረቤቱን። ለጋቪናና የሽሬ ጦርነት ይህ ማለት የማራቪኛ 2ኛ ኮር፣ 84ኛው ሬጅመንት፣ እና በዚያው ኮር የነበሩት ግራን ሳሶና «21 አፕሪሌ» ናቸው። ጎረቤቱ ዋጋ አለው፤ አንድ ክፍል ስለራሱ የማይጽፈውን ጎረቤቱ «በስተቀኛችን ያሉት ስላልደረሱ ቆምን» ብሎ ሊያሾልከው ይችላል።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ሮማ ሳትሄዱ ብዙ መሥራት ትችላላችሁ። በጦርነቱ የተማረኩ የጣሊያን ጦር ሰነዶች፣ ከ1935 እስከ 1943 ያሉ፣ ማይክሮፊልም ተነሥተው በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ መለያው ቲ 821 ነው፤ ማንበቢያው ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አይርቅም። የእንግሊዝኛ መመሪያውን አስቀድመው አንብበው የጥቅል ቁጥር ጽፈው ይሂዱ።

የአንድን ወታደር ጉዞ መከተል ከፈለጉ የግል የአገልግሎት መዝገቡ በጣሊያን የክፍለ ሀገር ቤተ መዛግብት ነው፤ የሚፈለገውም በምልመላ አውራጃና በ«ክላሴ» ነው። ክላሴ 1911 ማለት በ1911 የተወለደ ማለት ነው እንጂ በ1911 የዘመተ አይደለም። ለፎቶና ለፊልም የጣሊያን መንግሥት የፊልም ተቋም የነበረው ኢስቲቱቶ ሉቼ አለ፤ ያው ለፕሮፓጋንዳ የተቀረጸ መሆኑን ሳይረሱ። በእኛ በኩል ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ወመዘክርን ይያዙ። ሽሬ ላይ ጋቪናናን የገጠሙት ራስ እምሩ ራሳቸው ትዝታቸውን በአማርኛ ጽፈው ትተዋል፤ ያንን ሳያነቡ የጣሊያኑን መዝገብ መተርጎም ግማሽ ሥራ ነው።

መዝገቡን ማንበብ

ዋናውን ገጽ ፈጥነው ይለፉትና አባሪዎቹ ላይ ይቀመጡ። ዋናው ገጽ ሲጻፍ የበላይ እንደሚያነበው ታውቆ ስለሆነ የተስተካከለ ነው። አባሪዎቹ፣ «አሌጋቲ»፣ በዕለቱ በችኮላ የወጡ ትእዛዞች፣ የሬዲዮ መልእክቶች፣ የሙትና ቁስለኛ ዝርዝሮች ናቸው። የካቲት 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ጋቪናና ከአክሱም ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ሰለክለካ አጠገብ የራስ እምሩ ሰዎች በጉዞ ላይ ሳለ መቱት። ዋና ገጽና አባሪ በጣም የሚራራቁት እንዲህ ባለ ቀን ነው፦ ጥይቱ መቼ ተጀመረ፣ መትረየሱ መቼ ተጠመደ፣ መድፉ ስንት ሰዓት መለሰ። ሰዓቶቹን ብቻ በአንድ ዓምድ ነቅሰው ቢያወጡ፣ ጥቃቱ ከተጀመረበት አንስቶ ጦሩ እስከተደራጀበት ድረስ ያለው ክፍተት አዛዡ ስንት ሰዓት ግራ እንደተጋባ ይነግርዎታል።

ቃላቱን አማርኛ ሲያለብሱ ሁለት ሦስቱን እንይ። «ባንዳ» በጣሊያን ሰነድ ስድብ አይደለም፤ መደበኛ ያልሆነ የተቀጣሪ ጦር ክፍል ስም ነው። ለእኛ ከሃዲ ማለት የሆነው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ሰነድ ሲተረጉሙ «ባንዳ (የጦር ክፍል)» ብለው ይለዩት፤ አለዚያ ሰነዱ የማይለውን ፍርድ ያስገቡበታል። «ሪቤሊ» ከሜይ 1936 በኋላ የሚመጣ ቃል ነው፤ አርበኛውን «አመፀኛ» ለማድረግ ሆን ተብሎ የገባ ስለሆነ በትእምርተ ጥቅስ ይተዉት። «ራስትሬላሜንቶ» በቃሉ ማበጠር፣ በሥራው አሰሳ ነው፤ ከጀርባው የተቃጠለ መንደር ይኑር አይኑር በአባሪው ያጣሩ።

ጋዝን በክፍለ ጦር መዝገብ ፈልገው ቢያጡት አልነበረም ማለት አይደለም። የሰናፍጭ ጋዙን፣ ኢፕሪቱን፣ በብዛት የጣለው አየር ኃይሉ ነው፤ እግረኛው ስለሱ የሚጽፍበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አልነበረውም። በሰነድ ውስጥም «ልዩ» ቦምብ፣ «ልዩ» ፈሳሽ እየተባለ ነው የሚያልፈው፤ ሲ 500 ቲ የሚል ካዩ የኢፕሪት ቦምብ ነው። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር መርዝ ጋዝ ሥራ ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ከዚያ በፊት የታተሙ የክፍለ ጦር ታሪኮችን ይህን በልብዎ ይዘው ያንብቡ።

የሙታን ቁጥር

አንድ ቁጥር ሲያገኙ አራት ጥያቄ ይጠይቁት። «ናዚዮናሊ» ብቻ ነው ወይ? ይህ ጣሊያኖቹን ብቻ ማለት ነው፤ አስካሪዎች (የቅኝ ግዛት ተወላጅ ወታደሮች) ለብቻ ይቆጠራሉ ወይም ጭራሽ ይቀራሉ። «ካዱቲ» በውጊያ የሞቱ ናቸው ወይስ በበሽታ የሞቱም አሉበት? «ዲስፔርሲ»፣ ማለትም የጠፉት፣ በኋላ ወደ ሙታን ተዛውረዋል ወይ? መኮንኖችና ተራ ወታደሮች ተደምረዋል ወይስ ተለያይተዋል? አራቱ ካልተመለሱ ሁለት ምንጭ ማነጻጸር ትርፉ ድካም ነው። የኢትዮጵያውያን ሙታን ተብሎ በጣሊያን መዝገብ የሚቀመጠው ድፍን ቁጥር ደግሞ አስከሬን ተቆጥሮ የተገኘ ሳይሆን ግምት ስለሆነ፣ «እንደ ክፍለ ጦሩ ግምት» ከሚል ቃል ጋር እንጂ ብቻውን አይጻፍ።

ማብቂያውን መወሰን

ብዙዎቹ የጣሊያን ክፍለ ጦሮች ሴፕቴምበር 8 ቀን 1943፣ የተኩስ አቁሙ በታወጀበት ሰሞን ስለፈረሱ አንዳንድ ጸሐፊ ሁሉንም በዚያ ቀን ይዘጋቸዋል። ለቬኔዚያ ይህ አይሠራም። ሞንቴኔግሮ ላይ የነበረው ይህ ክፍለ ጦር መሣሪያውን ለጀርመን አላስረከበም፤ ከተራራው ጦር «ታውሪኔንሴ» ጋር ሆኖ ወደ ዩጎዝላቭ ፓርቲዛኖች ተሰለፈ፤ ዲሴምበር 2 ቀን 1943 ፕሌቭልያ ላይ ሁለቱ ተዋሕደው «ጋሪባልዲ» የተባለ ክፍለ ጦር ሆኑ። ወደ ጣሊያን የተመለሰው በማርች 1945 ነው። በዓምድዎ መጨረሻ ሁለቱንም ቀን ይጻፉ፦ ዲሴምበር 1943 ክፍለ ጦሩ በስሙ ያበቃበት፣ ማርች 1945 ከውስጡ የተረፉት ባሕር ተሻግረው የገቡበት። ከላይኛው መስመር ላይ ያለው 84ኛ ሬጅመንት፣ አድዋ የገባው፣ እስከ ዲሴምበር 1943 ድረስ በአራተኛው ዓምድ ይታያል።